ስም ማውጣት የሚሰለቸው ካሳሁን

ስም ማውጣት የሚሰለቸው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ባልደረባዬ ካሳሁን እንዲያ ነው። እዚህ ጅቡቲ ድረ ገጽ ስንሠራ፣ እኔ ደንበኛ ለሚጫነው ቁልፍ «ማዘዣ» የሚል ስም አወጣና መልኩን በስሙ ሥር እጽፋለሁ። እሱ ግን ዩቲሊቲ ክላስ በሚባሉ አጫጭር የመልክ ቃላት «ሰማያዊ፣ ክብ፣ ሰፊ» እያለ እዚያው ቁልፉ ላይ ይደረድራል። «መልኩን ከተናገርኩ ስም ምን ይሠራልኛል?» ባይ ነው።

ታዲያ ሚስቱ አልማዝ ሴት ልጅ ወለደች። ባልባላ ሰፈር ቤታቸው ልጠይቃት ስሄድ፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ «ማን አላችኋት?» አሉ።

«ትንሽ፣ ቀይ፣ ጸጉራም» አለ ካሳሁን፣ ኮስተር ብሎ።

አልማዝ ተቆጣች። «ልጅ እኮ ታድጋለች፣ መልኳም ይለወጣል! ያኔ ምን ብለህ ልትጠራት ነው?»

ካሳሁን ሕፃኗን ተቀብሎ ፊቷን ሲያይ ቆየና «ሰላም» አላት፣ ቀስ ብሎ። ስሟ በዚያው ጸና።

እሑድ፣ እዚህ የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት ቀን፣ ሥራ ስንገባ «ለቁልፎቹስ ስም ታወጣለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ቁልፍ አያድግም» አለኝ።