የከዲሮ ቪዛ

[አሰላ፣ ባንኮች በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተፋጠጡበት ሰፈር፣ የእንደሻው ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ። እንደሻው በከተማው ውስጥ እሱ የማያውቀው ነገር እንደሌለ ያምናል። ጓደኛው ከዲሮ የዲክሲስ ወረዳ ልጅ፣ የገብስ ነጋዴ ነው፤ ልጁ ሙቢና ቱርክ ስለምትመረቅ በሚቀጥለው ሳምንት ይበራል። እንደሻው የራሱን ክራባት በከዲሮ አንገት ላይ ያስራል፤ ከዲሮ ይፈታል።]

እንደሻው፦ አትፍታው አልኩህ። ባንክ ያለ ክራባት አይገባም።

ከዲሮ፦ ሰው ሁሉ ይገባል እኮ።

እንደሻው፦ ገብቶ ምን ያገኛል? ቀና በል።

ከዲሮ፦ እያነቅከኝ እንዴት ቀና ልበል?

እንደሻው፦ የምትፈልገው ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ነው። እሱ ደግሞ ልመና ይፈልጋል። ገብተህ እጅ ትነሳና «ተስፋ አድርጌ ነው የመጣሁት» ትላለህ። ከዚያ ዝም። ቢጠይቁህም ዝም።

ከዲሮ፦ ጠዋት ገብቼ ነበር። ቪዛ እንስጥዎት አሉኝ።

እንደሻው [ክራባቱን ለቀቀው]፦ ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲ ነው፤ ባንክ አይደለም።

ከዲሮ፦ የኤምባሲውማ ፓስፖርቴ ላይ ተመቷል። ይሄኛው ላስቲክ ነው።

እንደሻው፦ የላስቲክ ቪዛ። አለቀልህ። እሱን ይዘህ ኤርፖርት ብትቆም በቀጥታ ወደ ጣቢያ ነው።

ከዲሮ፦ የባንኳ ልጅ ግን በእሱ ኢስታንቡል ራት ይገዛሉ አለችኝ።

እንደሻው፦ በቪዛ ራት ሲገዛ የት አይተሃል?

ከዲሮ፦ እኔም ግራ ገብቶኝ ጠየቅኳት። የካርዱ ስም ነው አለች። እኔ ከዲሮ እንደምባለው፣ እሱም ቪዛ ይባላል።

እንደሻው [ይህንን አያውቅም ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና አለፈው]፦ እየፈተንኩህ ነው። ታዲያ ተቀበልክ?

ከዲሮ፦ ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ከማዶ ባለው ባንክ በር ሳልፍ ሌላዋ ልጅ ጠራችኝና «እነሱ ምን አሉዎት?» አለች። ነገርኳት።

እንደሻው፦ የባንክ ምስጢር አወጣህ?

ከዲሮ፦ ጠየቀችኝ እኮ። እሷ ካርዱን ያለ ክፍያ፣ ዛሬውኑ እሰጥዎታለሁ አለች። የመጀመሪያዋ አሳዘነችኝ፤ ጥሩ ልጅ ነበረች። ተመልሼ «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ማዶ በነፃ ነው» አልኳት።

እንደሻው፦ ተመልሰህ ነገርካት?

ከዲሮ፦ ሥራ አስኪያጁን ጠራችው። ሻይ አዘዘልኝ። እኛም በነፃ፣ ለባለቤትዎ ለአስያም ሌላ እንጨምራለን አለኝ። ስለ ሻዩ ልነግራት ወደ ማዶ ተሻገርኩ።

እንደሻው፦ ደግሞ?

ከዲሮ፦ ደስ ይላታል ብዬ ነው። ማኪያቶ አዘዘች። ስወጣ የሦስተኛው ባንክ ዘበኛ እጄን ያዘና «አባት፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲመላለሱ እናያለን፤ እኛ ምን አጠፋን?» አለኝ።

እንደሻው [ጭንቅላቱን ይዞ]፦ አንድ ሰፈር ባንክ አጣላህ። አሁን ማናቸውም አይሰጡህም።

ከዲሮ [ፈገግታው ጠፋ]፦ እንዲህ አትበለኝ። ሙቢና ስትማር የኖረችው በስኮላርሺፕ ነው፤ እኔ እዚያ አንድ ቀን አብልቻት አላውቅም። ከነጓደኞቿ ምግብ ቤት ልወስዳት ነው ያሰብኩት። ሂሳብ ሲመጣ ልጄ ቦርሳዋን ስትከፍት ቁጭ ብዬ ልይ?

እንደሻው [ክራባቱን ከከዲሮ ወስዶ በራሱ አንገት ላይ አሰረው]፦ እዚሁ ቁም። እኔ ገብቼ አስታርቅሃለሁ። እግረ መንገዴንም ካርድ እንዴት እንደሚጠየቅ አሳይሃለሁ።

[ኮቱን ቆልፎ ወደ ማዶው ባንክ ይገባል። እሱ እንደገባ ቢሊሱማ የምትባል የሦስተኛው ባንክ ሠራተኛ ታብሌት ይዛ እየሮጠች ትመጣለች። የከዲሮን ፓስፖርትና የአውሮፕላን ቲኬት እዚያው በሩ ላይ ታያለች፣ ታስፈርመዋለች፣ ካርዱን ታስረክበዋለች። ቆይቶ እንደሻው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።]

ከዲሮ፦ አስታረቅካቸው?

እንደሻው፦ ያ በእጅህ የያዝከው ምንድን ነው?

ከዲሮ፦ ቪዛ። እዚሁ ድረስ አመጡልኝ። ሰው እንዳይቀድመን ብለው ነው አሉ። አንተስ?

እንደሻው፦ እጅ ነሳሁ። ተስፋ አድርጌ ነው የመጣሁት አልኩ።

ከዲሮ፦ ከዚያስ?

እንደሻው፦ ዝም። ወዴት ነው የሚጓዙት አለችኝ፤ ዝም። ፓስፖርት ይዘዋል አለችኝ፤ ዝም። በመጨረሻ ለባልደረባዋ «ሥራ ፈላጊ ናቸው፤ አፍረው ነው» አለቻት።

ከዲሮ፦ አንተስ አላስረዳሃትም?

እንደሻው፦ እንዴት ላስረዳ? ዝም ነው ያልኩት እኮ። ደግሞ አዘኑልኝ። ባንኮቹ ደንበኛ እየተሻሙ ስለሆነ ገበያ ለገበያ ዞሮ የውጭ ካርድ የሚያስተዋውቅ ሰው እየቀጠሩ ነው። ሰኞ ለፈተና ይምጡ ብለውኛል።

ከዲሮ፦ ምን ችግር አለው? ፈተናው ስለምንድን ነው?

እንደሻው [ዙሪያውን ቃኘ፤ ሰሚ እንደሌለ ሲያረጋግጥ ለከዲሮ ወንበር አቀረበለትና እሱ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ]፦ ስለ ካርዱ ነው። እስቲ አረፍ በልና ከመጀመሪያው ጀምረህ ቀስ ብለህ አስረዳኝ።