የጋሽ ሀብተሥላሴ ጥቁር ቀለምና የደሚቱ እጅ

ሥራ መጀመር እንጂ መጨረስ ያልተጻፈለት ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለኬንያ ሞያሌ የደረሷት ግን የሁሉም አለቃ፣ የጣሪያ ላይ ሊቀ ጠበብት፣ የትንሿ ሆቴል ባለቤት ጋሽ ሀብተሥላሴ ናቸው። ውሃ በፀሐይ የሚያሞቅ ሣጥን እሠራለሁ ብለው ጣሪያ የወጡት ሞባይል ገና ከተማው ሳይገባ ነው፤ አሁን ወተት ሻጯም ሞባይል ይዛለች።

ሣጥኑ ቀላል ነው፤ ከላይ መስታወት፣ ከታች ጥቁር ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ላይ የተጠማዘዘ ቱቦ። ጣጣው ጥቁሩ ላይ ነው። የሚያብለጨልጭ ቀለም ቀቡ፤ ፀሐይዋን መልሶ ወረወራት። ደብዛዛ ቀቡ፤ ቆርቆሮው አልይዝም ብሎ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። «መቀበልማ ሁሉም ይቀበላል! ዋናው የተቀበሉትን ሙቀት መያዝ ነው!» ይላሉ፣ ሰሚ ቢኖርም ባይኖርም። ብዙውን ጊዜ አይኖርም።

ከሁሉ የከፋው የከሰሉ ጊዜ ነበር። ከቡቲዬ መንደር ወተት የምታመጣላቸውን ደሚቱን፣ የወተት ዕቃ ስታጥን የሚተርፋትን ከሰል ለመኗት። ፈጭተው በሞራ ለወሱት። ቀትር ላይ ሞራው ቀልጦ በጣሪያው ወረደና የእንግዳ ነጭ አንሶላ ላይ ተንጠባጠበ። እንግዳው ከነሻንጣው ኦዳ ሰፈር ዘመድ ጋ ሄዶ አደረ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ግን፣ «ጥቁሩ ጥሩ ነበር፤ ያሳፈረኝ ሞራው ነው» አሉ።

ቴርሞሜትር አያምኑም። የሚያምኑት የደሚቱን እጅ ነው፤ ወተት የለመደ እጅ ሙቀት አይስትም ባይ ናቸው። አዲስ ቀለም በቀቡ ቁጥር ከጣሪያ «ደሚቱ! ነይ ንኪው!» ይላሉ። እሷም ጀሪካኗን አስቀምጣ እየተነጫነጨች መሰላሉን ትወጣለች።

«ጋሼ፣ እኔ ወተት ሻጭ ነኝ፤ ፉንዲ፣ የእጅ ባለሙያ አይደለሁም!»

ባሏ ከሞተ፣ ልጆቿም ወደየትዳራቸው ከሄዱ ወዲህ፣ ስሟን ጮክ ብሎ የሚጠራ ሌላ ሰው የላትም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የጋሽ ሀብተሥላሴ ባለቤት ቃልኪዳንም አርፈዋል። ልጃቸው በየእሑዱ ከናይሮቢ ትደውላለች። «አባዬ፣ ሆቴሉን ዝጋውና ና።» መልሳቸው አንድ ነው፤ «ይህቺን ሣጥን ልጨርስና።»

በቀደም ራዲያተር ጠጋኙ ጎሊቻ የመዳብ ሉሕ አገኘላቸው። በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው፣ የመኪና ጭስ ማውጫ የሚቀባበትን ሙቀት የሚችል ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ስስ አድርገው ቀቡት። ቀትር ላይ «ደሚቱ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«ይሄ ከሞቀ በቃ። ልጄን፣ ሆቴሉን ዘግቼ እመጣለሁ ብያታለሁ።»

ደሚቱ መሰላሉን ወጥታ የሣጥኑን ቧንቧ ከፈተችና እጇን ከሥሩ አደረገች። ውሃው ይፋጃል። ከእንግዲህ ወተቷን ይዛ በዚህ በር ስታልፍ ማንም እንደማይጠራት ታወቃት። እጇን አላነሳችም።

«ለብ ብሏል እንጂ አልሞቀም» አለች። «ኪዶጎ፣ ትንሽ ይቀረዋል ጋሼ።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ የቀላውን መዳፏን አዩ። የሚወጣውን እንፋሎትም አዩ። ከዚያ ቧንቧውን ዘግተው፣ አጠገባቸው ካለው በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ በጣሳ ቀዱና በእጇ ላይ ቀስ እያሉ አፈሰሱላት።

«እኔም ቀለሙን ጠርጥሬው ነበር» አሉ። «ነገ እንፍቀዋለን።»