ከአንገት በላይ ያመለጠ ፈረስ

(ከመኪና መንገድ ዳር በግንብ የታጠረ የሣር ሜዳ። መግቢያው ላይ ባለ ሁለት ተከፋች የብረት በር አለ። በሁለቱ ብረቶች መሃል የአንድ ዳማ ፈረስ ጭንቅላት ወደ መንገዱ ወጥቶ ቀርቷል፤ የተረፈው አካሉ ሜዳው ውስጥ ነው። ስሙ ሻለቃ ይባላል። ታናሽ ወንድም በውጭ በኩል ከጭንቅላቱ ጋር፣ ታላቅ ወንድም በውስጥ በኩል ከጅራቱ ጋር ቆመዋል። ታላቁ ስለ ፈረስ ሜዳ ደህንነት አንድ ቀጭን በራሪ ወረቀት አንብቧል። ፈረሱ አላነበበም።)

ታላቅ፦ በር አትበለው አልኩህ! በር ማለት ክፍተቱ ነው። ብረቱ መዝጊያ ነው የሚባለው።

ታናሽ፦ እሺ ወንድምጋሼ። ሻለቃ መዝጊያው ላይ ተይዟል።

ታላቅ፦ እሱም ስህተት! መዝጊያው ሁለት ነው። አንገቱ ያለው በሁለቱ መሃል፣ ክፍተቱ ላይ ነው።

ታናሽ፦ ክፍተቱ በር ነው አላልክም?

ታላቅ፦ ነው።

ታናሽ፦ እንግዲያው በሩ ላይ ነዋ የተያዘው።

ታላቅ፦ ከአንተ ጋር ከመነጋገር ከዚህ ጅራት ጋር መነጋገር ይሻላል።

ታናሽ፦ በሞቴ ቶሎ በል! አንድ ከባድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ካለፈ ይደነብርና አንገቱን ይሰብራል።

ታላቅ፦ አይደነብርም። ወረቀቱ «የተረጋጋ ፈረስ አይደነብርም» ይላል።

ታናሽ፦ ያልተረጋጋውስ?

ታላቅ፦ እሱ ሌላ ወረቀት ላይ ይሆናል።

ታናሽ፦ እማዬ መንገድ ጀምራለች እኮ። ሻለቃን ለማናችን እንደምትተወው ዛሬ ነው የምትናገረው። አንዲት ጭረት ካየሁበት ለሁለታችሁም የለም፣ እሸጠዋለሁ ብላለች።

ታላቅ፦ ለእኔ ነው የምትሰጠው፣ አለቀ። ሜዳውን ያዘጋጀው ማነው? ጉድጓዱን ማን ደፈነ? የሽቦ ቁርጥራጩን ማን ለቀመ? መርዘኛውን አረም ማን ነቀለ?

ታናሽ፦ እኔ።

ታላቅ፦ በማን መመሪያ?

ታናሽ፦ በአንተ።

ታላቅ፦ አየህ!

ታናሽ፦ እኔ ሜዳውን አላልኩም። ፈረሱን ነው የምፈልገው። (ሻለቃ አፍንጫውን ኮሌታው ውስጥ ይሰካል።) ለመሆኑ የመዝጊያዎቹን ሰንሰለት ለምን ታች አሰርከው?

ታላቅ፦ ፈረስ በከንፈሩ መንጠቆ ይፈታል። ስለዚህ በውጭ በኩል፣ ከጉልበቱ በታች አሰርኩት። ከንፈሩ አይደርስበትም።

ታናሽ፦ ታች ስለታሰረ እኮ ነው ላይ ላዩ የተላቀቀው።

ታላቅ፦ ከንፈሩ ሰንሰለቱ ላይ ደረሰ?

ታናሽ፦ አልደረሰም።

ታላቅ፦ ሥራዬ ሠርቷል ማለት ነው።

ታናሽ፦ ጭንቅላቱ ግን ወጣ።

ታላቅ፦ ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ከንፈር ነው! በል አሁን ስማ። አንደኛ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ተረጋጋ በለው።

ታናሽ፦ (በሹክሹክታ) ተረጋጋ።

ታላቅ፦ (እየጮኸ) አልሰማሁም!

ታናሽ፦ (እየጮኸ) ተረጋጋ!

(ፈረሱ ይደነብራል። ብረቱ ይንቋቋል።)

ታላቅ፦ ምን ያስጮህሃል አንተ?

ታናሽ፦ አንተን ነዋ። እሱማ ተረጋግቶ ነበር።

ታላቅ፦ ሁለተኛ፣ በአንድ ልብ እንሠራለን። ሳብ!

(ታላቅ ጅራቱን፣ ታናሽ ጋማውን ይስባሉ። ሻለቃ ከሁለቱም የተሻለ አስተዳደግ ስላለው ማንንም አይረግጥም።)

ታላቅ፦ እየሳብክ ነው?

ታናሽ፦ ነፍሴ እስክትወጣ!

ታላቅ፦ ወዴት?

ታናሽ፦ ወደ እኔ። አንተስ?

ታላቅ፦ ወደ እኔ!

ታናሽ፦ (ቆም ብሎ ያስባል) ታዲያ ወደ ማን ይምጣ?

ታላቅ፦ አንተ ድንጋይ ራስ! እኔ ስስብ አንተ መግፋት አለብህ። ጆሮውን እጠፍና ግፋ።

ታናሽ፦ ጆሮው ታጥፏል። መንጋጋው ነው እምቢ ያለው።

ታላቅ፦ መንጋጋውንም እጠፍ!

ታናሽ፦ በየት በኩል ነው የሚታጠፈው?

ታላቅ፦ የገባ ነገር ይወጣል። ይኼ ሳይንስ ነው። ቆይ ግን፣ እንዲህ ሲሆን ለምን ወዲያው አልደወልክልኝም?

ታናሽ፦ ደወልኩልህ እኮ! ሻለቃ ቁርሱን እንኳ ሳይጨርስ።

ታላቅ፦ ምን ብለህ?

ታናሽ፦ «ወንድምጋሼ፣ ተቀርቅሯል» ብዬ።

ታላቅ፦ (ድምፁ ይቀንሳል) እኔ መዝጊያው መስሎኝ!

ታናሽ፦ «በደንብ ነው?» አልከኝ። «በጣም፣ ንቅንቅ አይልም» አልኩህ። «ጎበዝ! ዛሬ ገና ሰው ወጣህ» አልከኝ።

ታላቅ፦ እሱን ማለቴ አይካድም...

ታናሽ፦ «እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው» አልከኝ። አልነካሁትም። ዝንብ ዓይኑ ላይ ሲያርፍበት እንኳ ከሩቅ ሆኜ ነው እፍ ያልኩለት።

ታላቅ፦ ጥፋቱ የሰዋስው ነው! ግሱን ብቻ ጥለህብኝ ስልኩን ዘጋህ። ባለቤቱን መናገር ነበረብህ።

ታናሽ፦ ለባለቤቱ? እማዬን በምን አፌ? ፈረሴን አነቃችሁት ብላ ሁለታችንንም እዚሁ መሃል አስገብታ ትቀረቅረን ነበር።

ታላቅ፦ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ነው የምልህ!

ታናሽ፦ እሱን ሰውዬ አላውቀውም።

(ከሩቅ የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል። የሻለቃ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ብረቱ እንደገና ይንቋቋል።)

ታናሽ፦ ወንድምጋሼ! ሰንሰለቱን ልፍታው?

ታላቅ፦ አበድክ እንዴ? የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ምን ይላል? «የፈረስ ሜዳ መዝጊያ ምንጊዜም ተዘግቶ ይቆይ!» እኔ ራሴ ስገባ አልከፈትኩትም፤ ግንቡን ነው የዘለልኩት። ሱሪዬን እይ!

ታናሽ፦ ከፈታሁት ይለቀቃል።

ታላቅ፦ ተለቆ መንገድ ላይ ቢወጣስ? መኪና ይግጨው?

ታናሽ፦ ጭንቅላቱ ድሮውንም መንገድ ላይ ነው። የሚገጨው ካለ ከእሱ ነው የሚጀምረው።

ታላቅ፦ እሱ ከአንገት በላይ ነው የወጣው። ከልቡ አልወጣም።

(ጥሩምባው ይቀርባል። ፈረሱ ዓይኑ ይነጣል፤ አንገቱን ብረቱ ላይ ይጥለዋል። ታላቅ ወረቀቱን ከኪሱ ለማውጣት ሲታገል ወረቀቱ በነፋስ ይበራል። ጮሆ ግንቡ ሥር ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍናል። ታናሽ ጎንበስ ብሎ የሰንሰለቱን መንጠቆ ያወልቃል። ሁለቱ ብረቶች ይላቀቃሉ። ሻለቃ ተንደርድሮ ይወጣል፤ ታናሽ አንገቱን አቅፎ ከግንቡ ጋር ያስጠጋዋል። መኪናው አቧራውን አልብሷቸው ያልፋል።)

ታላቅ፦ (ዓይኑን እንደጨፈነ) ሲጢጥ ሲል ሰማሁ! ከፈትከው?

ታናሽ፦ አዎ።

ታላቅ፦ ዝጋው! ቶሎ ዝጋው! ፈረሱ ያመልጣል!

ታናሽ፦ ወንድምጋሼ፣ ፈረሱ እኮ...

ታላቅ፦ አትከራከረኝ! አንተ ማሰብ ስትጀምር ነው ነገር የሚበላሸው። ዝጋ ስልህ ዝጋ!

ታናሽ፦ እሺ። (ይዘጋል።)

ታላቅ፦ እሰረው!

ታናሽ፦ እሺ። (ያስራል።)

ታላቅ፦ ከላይም ከታችም!

ታናሽ፦ (ሰንሰለቱን ሁለት ዙር ይጠመጥማል) አሁን ከዚህ ሜዳ ዝንብ እንኳ አይወጣም።

ታላቅ፦ እፎይ! (ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ትቢያውን እያራገፈ ይነሳል።) አየህ፣ ዕውቀት ማለት ይኼ ነው። ፈረስ ነፃነቱን አይፈልግም፣ የሚፈልገው የሚያስብለት ሰው ነው። እማዬ ትምጣና ትይ። (ዓይኑን ይገልጣል። ሣሩን ያያል። ዞር ብሎ ግንቡን ያያል። ሣሩን ደግሞ ያያል።) ሻለቃ የታለ?

(ከግንቡ ማዶ ስልክ ይጮሃል።)

ታናሽ፦ አቤት እማዬ... ደህና ነው፣ አንዲት ጭረት የለበትም። ይኸው ትከሻዬ ላይ እየተነፈሰ ነው። ካለሽበት ጠብቂኝ፣ ይዤልሽ መጣሁ... ምን? እኔ ጋ ይሁን? የእውነትሽን ነው? እኔ ጋ! ሰማህ ሻለቃ?

ታላቅ፦ (ብረቱን እየነቀነቀ) አንተ! ክፈትልኝ እንጂ!

ታናሽ፦ ሜዳው? አይ፣ ሜዳውማ ባዶውን አልቀረም፣ ወንድምጋሼ ገብቶበታል... ምኑ? ሣሩ? ሣሩማ ሞልቷል እማዬ። ለእሱ ይበቃዋል።