መላጫዎች ሰው የሞከሩበት ቀን

ትናንት ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ባልኩበት፣ ሕልም አየሁ።

ሕልሙ እንዲገባችሁ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስሜ ይልቃል ነው፤ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ከስድስት ሳምንት በፊት ምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ ስበረብር፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሦስት የጥንት መላጫዎች አገኘሁ። አሁን የምናውቀው መላጫ ምላጩ በሁለት በኩል ይቆርጣል። የእነዚህ ስለት ግን በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው ወገን ወፍራም ጀርባ ነው። ክዳኑን እንደ ትንሽ ሣጥን ከፍታችሁ ምላጩን ታስገቡና ስትዘጉት ጠቅ ይላል። ያቺ ጠቅታ አሳበደችኝ። ፈታኋቸው፣ ወለወልኳቸው፣ ዘይት ቀባኋቸው፣ ቤቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አሳየኋቸው። ብቻ አልተላጨሁባቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት ያሳደግኩት ጢም አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፈራሁ።

ትናንት ምሳ ላይ ባለቤቴ እቴነሽ፣ «ወይ ሞክራቸው፣ ወይ ለሚሞክራቸው ሰው ስጥ» አለችኝ።

«እሞክራቸዋለሁ» አልኳትና ተኛሁ።

በሕልሜ ፒያሳ ቆሜ ነበር። ፀጉር ቤቶቹ በሙሉ ክፍት ናቸው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ግን ፀጉር አስተካካዮቹ ናቸው። ደንበኞቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ይከረክሟቸዋል፤ አስተካካዮቹ በመስታወት እያዩ ይቆጧቸዋል። በመንገዱ ላይ ስድስት ሰዎች አንድ ታክሲ በትከሻቸው ተሸክመው አለፉ። ሾፌሩ መሪውን ይዞ እንቅልፍ ወስዶታል። እናቶች ሽበታም ጢም ያላቸውን ሕፃናት አዝለው ይመላለሳሉ።

ከሕፃናቱ አንዱ ጢሙን እያፍተለተለ፣ «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ።

«አምስት ሰዓት፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ፍጠን። ስድስት ሲል ይዘጋሉ» አለና እናቱ ጀርባ ላይ ተመልሶ ተኛ።

ምን እንደሚዘጋ አልጠየቅኩትም። እግሬ ግን ያውቅ ነበር፤ አንድ ትልቅ አዳራሽ በር ላይ ወስዶ አቆመኝ። ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ወንዶች ተሰልፈዋል። በሩ ላይ ከረባት ያሰረ ፍየል ቆሟል። አገጩ ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ እንደ ሰሃን ያበራል።

«ጢምህ ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ ፍየሉ።

«ሃያ ሁለት።»

«መታወቂያ አለው?»

«የኔ መታወቂያ ላይ አብሮኝ ይታያል።»

«ያንተን አልጠየቅኩህም» አለና አንድ ወረቀት ላይ ምልክት አደረገ። «ዛሬ መላጫዎች ሰው ይሞክራሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ መላጫ ያልመረጠው ሰው የጢሙ ይሆናል።»

«የጢሙ ምን?»

«የጢሙ ሰው። እስከ ዛሬ ጢሙ ያንተ ነበር፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ አንተ የሱ ነህ። የት እንደምትውል፣ ከማን ጋር እንደምትኖር እሱ ይወስናል።» ልሙጥ አገጩን ዳሰሰ። «እኔን ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው የመረጡኝ» ብሎ ጨመረ፤ ኩራቱ ያስታውቃል።

ይህን ሲለኝ ጢሜ እያደገ መሆኑ ተሰማኝ። ወደ ታች ስመለከት ጉልበቴን አልፏል። ቀጥሎ ደረጃውን ወረደ፤ አስፋልቱን ተሻገረ፤ ጥጉ ጋ ሲደርስ ጫፉ ቀና ብሎ ግራና ቀኝ አየና ወደ አፍንጮ በር ታጠፈ። የኔ ቤት አፍንጮ በር ነው። ልጠራው ፈለግኩ፤ ጢም በምን ስም እንደሚጠራ አላወቅኩም።

ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ በቀይ ትራስ ላይ፣ አንድ የነሐስ መላጫ ተቀምጧል። ሰዎቹ «ግራዝማች» እያሉ ይጠሩታል። ከኔ ፊት የነበረውን ሰው አንዴ ዳሰስ አድርጎት፣ «ይሄ ብዙ ያወራል፤ ሲያወራ ይቆረጣል» ብሎ መለሰው። ተራዬ ደረሰ። ቀዝቃዛ ራሱን ጉንጬ ላይ አሳረፈ።

«ሰዓት ጠጋኝ ነህ አሉኝ።»

«አዎ፣ ግራዝማች።»

«እንግዲያው እጅህ አይንቀጠቀጥም። አገጭህ ግን ይንቀጠቀጣል።»

«ትንሽ ፈርቼ ነው።»

«ለምን ዋሸኸኝ? ብዙ ነው የፈራኸው» አለኝ፤ ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ቀጣይ።»

ሁለተኛዋ የብር ቅብ ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ እጀታዋ ላይ ሐረግ የተቀረጸባት። ሰው ሁሉ «እሜቴ» ነው የሚላት። እሷን ደስ አሰኛለሁ ብዬ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ክዳኗ በምን እንደሚከፈት፣ ምላጩ የት ላይ እንደሚደገፍ፣ ጠቅታዋ ከሌሎቹ በምን እንደሚለይ ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ስለ ክዳኔ ብዙ ታውቃለህ» አለችኝ። «ስለ ስለቴስ?»

ጢሜን ዳሰስኩ።

«ስድስት ሳምንት ዘይት ቀባኸኝ፤ አንድ ቀን ፊትህን አላቀረብክልኝም። የሚያየኝ ሰው ሞልቷል፣ ልጄ። እኔ የሚላጭብኝ ነው የምፈልገው። ቀጣይ።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። በዚህ ጊዜ የአዳራሹ በር ተከፈተና እቴነሽ ገባች። ጢሜን እንደ ድር ክንዷ ላይ እየጠቀለለች፣ እሱን ተከትላ ነው ከአፍንጮ በር የመጣችው። ጥቅሉ አንድ ትልቅ ትራስ አክሏል። አጠገቤ ተቀመጠችና ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ጢምህ ቤት መጥቶ ነበር» አለችኝ።

«ምን አደረገ?»

«አንኳኩቶ ገባ። ቤቱን ጠረገው፤ አልጋ ሥር ሳይቀር። ከዚያ ተቀምጦ ስለ ወንድሜ ነገር ሳወራው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።»

«እኔ አላዳምጥሽም?»

«ታዳምጠኛለህ። መሃል ላይ ግን ስለ ጠቅታ ትነግረኛለህ።»

ሰው በገዛ ጢሙ ይቀናል ብሎ የነገረኝ ቢኖር አላምንም ነበር። ቀናሁ።

«ታዲያ ከሱ ጋር መኖር ይሻልሻል?» አልኳት።

እቴነሽ ጥቅሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «እንዲህ አላልኩም። ግን ይልቃል፣ ስንጋባ ጢም ነበረህ። ሃያ ዓመት አብሬህ ስኖር አገጭህን አንድ ቀን አላየሁም። አንዳንዴ ስትተኛ አይሃለሁና፣ ከሥር ማን ይሆን እላለሁ።»

ይህን ነግራኝ አታውቅም። ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ወደ ጠረጴዛው መጨረሻ ሄድኩ። እዚያ ሦስተኛው መላጫ ብቻውን ተቀምጧል። ትንሽ ነው፤ ትራስ የለውም፤ እጀታው ላይ የዝገት ነጠብጣብ አለበት። ማንም አልተሰለፈለትም።

«አንተስ ሰው አትሞክርም?» አልኩት።

«ሞክሬ አላውቅም» አለኝ በቀጭን ድምፅ። «ከተሠራሁ ጀምሮ ቆርቆሮ ውስጥ ነበርኩ። ብቆርጥዎትስ?»

«እኔም ተላጭቼ የማውቀው ድሮ ነው። ብንቀጠቀጥብህስ?»

ትንሹ መላጫ አሰበ። «እንግዲያስ አንድ ነን» አለ። «እርስዎ አይጫኑኝ፣ እኔም አልጫንዎትም። ጉንጭዎ ላይ ጠፍጠፍ ብዬ ልተኛ። ክብደቴ ይበቃል።»

ፍየሉ ከበሩ ሆኖ፣ «አምስት ደቂቃ» አለ።

እቴነሽ ሳሙናውን አረፋ አድርጋ ቀባችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። መላጫው ከጆሮዬ ሥር ጀመረ። ድምፁ ዝናብ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲጀምር እንደሚሰማው ነው፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ሽርርር። አንዴም አልነከሰኝም። እየቆየሁ ትከሻዬ ወረደ፤ ጥርሴን መንከሴን ተውኩ። እሱም ደፈር አለና ማንጎራጎር ጀመረ። ጢሜ ሲቆረጥ እስከ አፍንጮ በር የተዘረጋው ሁሉ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ረገበ። ፍራሽ አዳሾች ከየአቅጣጫው መጥተው በጆንያ እየሰበሰቡ ወሰዱት። አንዱማ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰውና፣ «ከጥጥ ይሻላል» አለ።

ዓይኔን ስገልጥ እቴነሽ ፊት ለፊቴ ቆማ ታየኛለች።

«አገጭህ ላይ ስርጉድ አለ» አለችኝ።

«ነበር። ረስቼዋለሁ።»

«ይህን ነው ስትደብቀኝ የኖርከው?» አለችና ጣቷን ስርጉዱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ እጇን ለሰላምታ ዘረጋችልኝ። «እቴነሽ እባላለሁ።»

«ይልቃል» አልኳት።

«ደስ ይላል» አለች፤ እኔም ደስ አለኝ። እንደዚያ ደስ ያለኝ መቼ እንደነበር አላስታውስም። ግራዝማች ከትራሱ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሜቴ ክዳኗን ጠቅ አደረገች። ፍየሉ ሰዓቱን አየና፣ «ደርሷል፤ ተመርጧል» ብሎ ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታ።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «የመረጠህን እጅ ትነሣዋለህ። ደንቡ ነው» አለኝ።

እኔ ግን በደስታ ነው እንጂ፣ ለደንቡ ብዬ አይደለም። ወደ ትንሹ መላጫ ዞርኩና ግንባሬ እጀታውን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ነቃሁ።

ፊቴ እርጥብ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ደረቴ ላይ ፎጣ ተዘርግቷል። እቴነሽ ሶፋው አጠገብ ተንበርክካለች፤ ጎኗ የሞቀ ውሃ የያዘ ሳፋና የልብስ ስፌት መቀሷ አለ። ወለሉ ላይ በተዘረጋ ጋዜጣ የሃያ ሁለት ዓመት ጢሜ ተከምሯል። አንዷን መላጫ በእጇ ይዛለች፤ በሌላው እጇ አፏን ሸፍናለች።

«ሞከርኳቸው» አለችኝ። «እንቅልፍህ ከባድ ነው ብዬ ነው። ግራውን በትልቁ፣ ቀኙን በብሩ፣ አገጭህን በትንሹ። አንድ ጭረት የለብህም፤ ስርጉድህም ያምራል።»

ጉንጬን ዳሰስኩ። እውነቷን ነው፤ እንደ ሕፃን ለስልሷል።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታይኝ?»

«ጨርሼ ነበር፣ ይልቃል። ግራ ጆሮህ አጠገብ የቀረችውን ጢም ላስተካክል መላጫውን ሳነሣ፣ ተኝተህ እንዳለህ ራስህን ድንገት ቀና አድርገህ እጅ ነሣህ።»

«እና?»

እቴነሽ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። «እና ነገ የእህትህ ልጅ ሠርግ ላይ ኮፍያ ታደርጋለህ። ዝቅ አድርገህ።»

እጄን ወደ ግራ ቅንድቤ ሰደድኩ። አልነበረም።