ጋሽ ሜትርና የማይቆረጠው ጣውላ

ወንዶች መጋዝና መዶሻ ይዘው በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ ዕድሜ ልኩን ሲለካ ኖሮ ሳይቆርጥ የሚሞት አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ክቡር ጋሽ ሜትር ናቸው።

ከመንደሩ ዳር ያለውን ባዶ የእህል መጋዘን የጋራ አናጢ ቤት ያደረገችልን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። "ወንድ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሆዱን አይነግርም፤ እጁን ሥራ ስጡትና ጎን ለጎን አቁሙት" ብላ። በየረቡዑ እንሰበሰባለን። ብቸኝነት የምትባለዋን ቃል ማንም አፉ ላይ አያመጣትም። ሁላችንም የመጣነው እግሯ የተናጋ በርጩማ ስላለችን ብቻ ነው። ከመካከላችን የሾፌሩ በርጩማ ጥገና ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው።

ጋሽ ሜትር ሜትራቸውን እንደ ሰይፍ ታጥቀው ይገባሉ። ግድግዳ ተደግፎ የሚጠብቃቸው አንድ ጣውላ አለ፤ ለቤታቸው ገበታ የሚሆን። ይለኩታል፤ በእርሳስ ያሰምሩበታል፤ መልሰው በምራቃቸው ያጠፉታል። ለምን ሲባሉ፣ ዳኛ ፍርድ ሲያነብ በሚመስል ድምፅ፣ "እንጨት ይተነፍሳል። የትናንት ልክ ለትናንት ነው" ይላሉ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሲተነፍስ ኖረ። የሰውንም ሥራ ሳይለኩ አያልፉም። የሾፌሩን መደርደሪያ "በፀጉር ስንጣቂ ዘመመ" ብለው ሦስት ጊዜ አስፈርሰውታል። የመጋዘኑ በር ወደ ግራ ማዘንበሉን ካወጁ ወዲህ፣ አንጥረኛው አንገቱን ሰበር ሳያደርግ አይገባም። እኔም አንጀቴ ቢያር ግጥም አወጣሁላቸው፦

ሲለካ ይመሻል፣ ሲለካ ይነጋል፣
ጣውላው ቆሞ ሲያረጅ መጋዙ ይዝጋል።

ሰሙና፣ "ሁለተኛው ስንኝ በአንድ ጣት ይረዝማል" አሉኝ።

አንድ ረቡዕ ዘገዩ። ግማሹ ለውለታ፣ ግማሹ ለክፋት፣ መጋዙን አንስቼ ጣውላውን በመጨረሻዋ መስመራቸው ላይ ቆረጥኩት። ሲመጡ እጃቸውን በተቆረጠው ጫፍ ላይ አሳለፉ። አንዲት ፀጉር አልሳትኩም ነበር።

"ጨረስክልኝ" አሉ ቀስ ብለው። ሜትራቸውን ከወገባቸው ፈትተው ሚስማር ላይ ሰቀሉና ወጡ።

ሦስት ረቡዕ ቀሩ። የሾፌሩ መደርደሪያ እንደ ሰካራም ተንጋዶ ቆመ፤ የሚያስፈርሰው ጠፋ። አንጥረኛው ግን ዛሬም አንገቱን ሰበር እያደረገ ይገባል። እኔ ግጥም ነጠፈብኝ።

በአራተኛው ሳምንት አዲስ ጣውላ ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ወንበር፤ የመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ሳህን። ሚስታቸው ካለፉ ወዲህ ሌላ ዕቃ ያልተነካበት ቤት። ያኔ ነው የገባኝ፤ ገበታው ቢያልቅ ማን ሊቀርብበት ኖሯል?

"ምንድን ነው ደግሞ?" አሉ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

"ለመጋዘኑ ገበታ አስበናል ጋሼ፤ ሁላችንም የምንቀርብበት። ሁለት ክንድ ከስንዝር ቢሆን ይበቃል።"

"ማን ለካው?"

"እኔ።"

ጣውላውን አዩት፤ ቀጥለው እኔን። "አንተማ ልኬትህም እንደ ግጥምህ ነው" አሉና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ጣውላው ይኸው የመጋዘኑን ግድግዳ ተደግፎ ይተነፍሳል። አንጥረኛው "መጋዙ የት ገባ?" እያለ ያስሳል። የት እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም አልናገርም። ይዛግ።