የእትዬ ዶክተር ውሻ ስንት ዓመቱ ነው?

ሐኪም የሌለው ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ሳይጠየቅ መድኃኒት የሚያዝ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አላየሁም። የእኛ ሕንፃ ደግሞ ልዩ ዕድለኛ ነው። የእኛዋ ባለሙያ የሰው በሽታ አይመጥናቸውም፤ እሳቸው የቤት እንስሳትን ብቻ ነው የሚያክሙት።

ክብርት እትዬ ዶክተር ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ስልክ ቤት ነው። «ከየት ነው የሚደውሉት?» እያሉ መስመር ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ጥያቄው ግን አብሯቸው አልወጣም። ደረጃው ላይ ውሻ ወይም ድመት ያቀፈ ሰው ካገኙ መንገዱን ዘግተው ይቆማሉ። «ከየት ነው የመጣው?» ይላሉ። ሰውየው መልሱን ሳይጨርስ «ስንት ዓመቱ ነው?» ይከተላል። ከዚያ በኋላ እንስሳውን ማየት እንኳን አያስፈልጋቸውም።

«በሽታ እኮ የትውልድ ቦታ አለው» ይሉናል ጣታቸውን ቀስረው። «የቆላ ውሻ ከታመመ መዥገር ነው፤ የደጋ ከሆነ ሳንባ። ቡችላ አንጀቱን ነው የሚያመው፣ ያረጀ ኩላሊቱን። አለቀ!»

እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ይገጥምላቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ የሚያስመልሰውን የሦስት ወር ቡችላ አቅፎ ሲወርድ «ምን ቆመህ ታየኛለህ? በዚህ ዕድሜው ተቅማጥ ከተጨመረበት አያድርም፤ ሩጥ!» ብለው ጮሁበት። ሮጠ፤ ቡችላውም ተረፈ። ይህን ድል ዓመት ሙሉ ስንሰማው ከረምን።

የእኔ ድመት ያስነጠሳት ጊዜ ግን «ከሐይቅ ዳር ነው ያመጣሃት አይደል? የሐይቅ ዳር ድመት ሳንባዋ ስስ ነው» ብለው ወር ሙሉ በብርድ ልብስ አስጠቀለሉኝ። በመጨረሻ ሐኪም ጋ ስወስዳት፣ የሚያስነጥሳት እኔ የምቀባው ሽቶ ሆኖ ተገኘ። ይህን ስነግራቸው ቅንጣት አልደነገጡም። «የደጋ ድመት ብትሆን ትችለው ነበር» አሉኝ። የሒሳብ ሠራተኛው በቀቀን ላባው ሲረግፍበት ደግሞ፣ ሰውየው ከማዕዘኑ ሱቅ ነው የገዛሁት ብሎ ቢምልም «ሱቁ ቆላ ነው ደጋ?» ብለው አፋጠጡት።

አንድ ጨካኝ ፍርድም ነበራቸው። ያረጀ እንስሳ ይዞ ለመጣ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ «አሥራ አራት? በዚህ ዕድሜ ኩላሊት ነው። አታንከራትተው፣ ቤቱ ይረፍ» ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ ስለ አሮጊት ድመቷ ይህን ከሰማች ወዲህ ሰላም አትላቸውም። እኔም ብሆን እሳቸውን ላለማግኘት በጓሮ በር የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ጠዋት ግን ድመቴን እንዳቀፍኩ ደረጃው ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን፤ ምንም ሳይጠይቁኝ አለፉ። ደነገጥኩ። ተከትያቸው በራቸውን ሳንኳኳ፣ ውሻቸው ሻምበል ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርግቷል፤ ሳህኑ እንደሞላ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ከሰኞ ጀምሮ አልቀመሰም» አሉኝ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም።

«ምን ይሆን ይላሉ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ!»

ይህ ቃል ከእትዬ ዶክተር አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ድመቴን እዚያው ትቼ፣ ሻምበልን ተሸክሜ፣ እሳቸውን አስከትዬ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ገሰገስኩ።

ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች «ስንት ዓመቱ ነው?» አለች።

«ሰባት» አሉ እትዬ ዶክተር።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እኔ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ሕንፃው ስገባ ሻምበል ትልቅ ውሻ ነበር፤ ያን ዕለት ጫማዬን የበላው እሱ ነው። የሰው ሁሉ ድመት መቼ እንደተወለደች ሲመረምሩ የኖሩት ሴትዮ ለራሳቸው ውሻ ግማሽ ዕድሜውን ቀነሱለት።

ሐኪሟ የሻምበልን ከንፈር ገለጥ አድርጋ አየች። «እናቴ፣ ይሄ የሰባት ዓመት ጥርስ አይደለም።»

እትዬ ዶክተር የውሻውን ጆሮ እየደባበሱ «አሥራ አራት ነው» አሉ። «እውነቱን ብነግርሽ፣ በዚህ ዕድሜ ምን ይደረግለታል ብለሽ ትመልሽኛለሽ ብዬ ነው። እኔ ራሴ ለስንቱ ሰው እንደዚያ ብያለሁ።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም ሳቄን ዋጥኩ፤ አንጀቴን በሉት።

«እንኳን ነገሩኝ» አለች ሐኪሟ። «የሰባት ዓመት ውሻ እንዲህ ምግብ ቢዘጋው ብዙ ነገር እጠረጥር ነበር። በዚህ ዕድሜ ግን መጀመሪያ የምፈትሸው አፉን ነው።» ፈተሸች። ከኋላ ያሉት ሁለት መንጋጋዎች በስብሰው ኖሯል። የጥርስ መንቀያውን ማደንዘዣ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ደሙን መረመረች፤ ኩላሊቱ ደህና! በሕንፃችን ሕግ መሠረት ድሮ መቆም የነበረበት ኩላሊት እንደ ወጣት ይሠራል።

ጥርሶቹን ነቅላ እዚያው አሳደረችው። በማግስቱ ልንወስደው ስንሄድ፣ ሻምበል የራሱን ሳህን ጨርሶ የጎኑን በሽተኛ ሳህን ሲልስ ደረስን።

«ከእንግዲህ ስንት ጊዜ ይኖራል?» አሉ እትዬ ዶክተር፣ ቀስ ብለው።

«እሱን እንኳን አላውቅም» አለች ሐኪሟ።

እንዲህ ደስ የሚል መልስ በሕይወታቸው ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ሐኪሟን ጎትተው ግንባሯን ሳሟት።

ሻምበል በእግሬ ካልሆነ አልሄድም አለ። እትዬ ዶክተር ገመዱን ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ ያስቆሙ ጀመር። «አሥራ አራት ዓመቱ ነው!» አሉት ፖስተኛውን። «አሥራ አራት!» አሉት የማያውቁትን ታክሲ ነጂ፣ በመስኮቱ አጎንብሰው። የልብስ ሰፊዋ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ስሚ» አሉ፣ «ነገ ድመትሽን አብረን ሐኪም ጋ እንወስዳታለን። ያን ጊዜ ያልኩሽን እርሺው።» ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀምጣ ወጣችና ተሳሳሙ።

ሰልፉ እስከ ሕንፃችን በር ቀጠለ። ከፊት ከፊት እየሮጠ ሰው የሚገፋ፣ «ዘወር በሉ፣ ዶክተር እያለፉ ነው!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጮህ አንድ ሰው ነበር። እኔ ነኝ።