የዛጎል ምሳዬ

ባሕር በሌለው አገር ባሕር አይቶ የመጣን ሰው አትመኑ! ከዓሣው ይልቅ የሚንሳፈፈው እሱ ነው።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ተካልኝ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ባለፈው ሳምንት ቦንጋ ሲገባ በበረዶ ሳጥን ምን ይዞልን ቢመጣ ጥሩ ነው? ዛጎል! አዎ፣ ከነቅርፊቱ ተቀቅሎ ሥጋው የሚበላ የባሕር ዛጎል። እኔ እንደሆንኩ ከውኃ ጋር ያለኝ ዝምድና በዝናብ በኩል ብቻ ነው...

«ጋሼ፣ የሠለጠነ ሰው የሚበላው ይሄን ነው» አለኝ።

አልሠለጠነም ከመባል መታመም ይሻላል ብዬ በቆጮ ጠቀለልኩት፣ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩ። ደገምኩም። ባለቤቴ አስቴር ግን ምግቡን ሳትነካ ስልኳን ስትጎረጉር ቆይታ ድንገት ጮኸች።

«አንዳንዱ ዛጎል ከባሕር የወሰደው መርዝ አለበት ይላል! ቢቀቅሉትም አይጠፋም! ላቦራቶሪ ሳያየው አይበላም! ሲጀምር ከንፈር ያደነዝዛል...»

ከንፈሬን ነካሁት። የሰው ከንፈር የነካሁ መሰለኝ! የፈሩት ይደርሳል...

በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ከነፍን፤ ተካልኝ የተረፈውን ዛጎል በፌስታል አንጠልጥሏል። የላቦራቶሪው ባለሙያ ፌስታሉን ከፈት አድርጎ አፍንጫውን ያዘ።

«መርዝ እንዳለው መርምርልኝ!» አልኩት።

«ጋሽዬ፣ እሱን የሚመረምር መሣሪያ እዚህ የለንም።»

«ታዲያ ምን ትመረምራላችሁ?»

«ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ።»

«ሦስቱንም ውሰድ!»

አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ የንብ ቀፎዎቼን ለማን እንደምናዘዝ ሳወጣ ሳወርድ ውጤቱ መጣ። «ታይፎይድ!» እናንተዬ፣ ባሕሩን ከነጨው ብውጠውም ታይፎይድ ነው እኮ! ደግነቱ ሐኪሟ ትንፋሼን ደጋግማ አዳምጣ፣ እስኪመሽ አቆይታ ከንፈሬን አየችና «ያቃጠለዎት ሚጥሚጣው ነው፤ ግን ሁለተኛ የማያውቁትን አይብሉ» አለችኝ።

ነፍሴ መለስ ሲል ተካልኝን ያዝኩት።

«አንተ ጅቡቲ ስትበላው ከንፈርህን አደንዝዞህ ያውቃል?»

መሬት መሬት አየ። «እኔማ... ቀምሼው አላውቅም ጋሼ። እርስዎ ሲበሉ ልየው ብዬ ነው።»

ለካ ላቦራቶሪው የእኔ ሆድ ኖሯል!

አስቴር ፌስታሉን ነጥቃ አንዷን ዛጎል ፈልቅቃ ወደ አፉ አስጠጋችለት። «በል፣ አሁን አንተ ጉረስ!»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ጾመኛ ነኝ» አለ።

በፋሲካ ማግስት!